«ከገንዘብ ሰው ይበልጣል» የሚባለው ለማን ነው?

ጥያቄ፦

«ኩዌት በቤት ሠራተኛነት ስኖር 11ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከደሴ የወጣሁት አባታችን ሲሞት፣ እናቴ እንዳትቸገር ብዬ ነው። መጀመሪያ ለጉዞ የተበደርነውን ዕዳ ከፈልኩ። ቀጥሎ ታናሽ እህቴን አስተማርኩ። ከዚያ ታላቅ ወንድሜ ‹ቦታ ተገኝቷል፣ ቤት እንሥራልሽ› አለኝና ለስድስት ዓመት ያለኝን ሁሉ ለእሱ ላኩ። መሠረቱ ሲወጣ፣ ብሎኬቱ ሲደረደር፣ ቆርቆሮው ሲመታ ፎቶ ይልክልኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ስገባ ካርታው በእሱ ስም መሆኑን አወቅኩ። ዋናው ቤት ውስጥ እሱ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ይኖራል፤ እናቴም እነሱ ጋ ናት። ለእኔ የተነጠፈልኝ ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት፣ በከሰል ጆንያና በጀሪካን መሀል ነው። ‹ካርታው ወደ ስሜ ይዙር› ስለው ‹የአንቺ የእኔ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ቤቱ የሁላችን ነው› አለኝ። ሚስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፈችኝ። እናቴ አልቅሳ ‹ለድንጋይ ክምር ብለሽ ወንድምሽን ልታጪ ነው? ከገንዘብ እኮ ሰው ይበልጣል› አለችኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተመለስኩ። አሁን ስደውል መጀመሪያ የምሰማው ‹መቼ ትልኪያለሽ?› የሚለውን ነው። በልተሻል ወይ፣ አሞሻል ወይ የሚለኝ የለም፤ የወንድሜ የ9 ዓመት ልጅ ብቻ ማታ ማታ በኢሞ ድምፅ ትልክልኛለች። ልክሰሰው? ወይስ ሁሉንም እርግፍ አድርጌ ትቼ ዳግም ላላያቸው? ነው ወይስ እናቴ እንደምትለው ገንዘብ ያስበለጥኩት እኔ ነኝ?»

ግራ የገባኝ፣ ከኩዌት

መልስ፦

ውድ እህቴ፤

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣ፤ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ይመስለኛል። ገንዘብ ያስበለጥሽው አንቺ አይደለሽም። 11 ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ደክመሽ ያገኘሽውን ለሰው ስታውይ የኖርሽ ልጅ ነሽ። ዕዳ ከፍለሻል፣ እህት አስተምረሻል፣ እናት ጦረሻል። ገንዘብ የሚወድ ሰው ይህን አያደርግም።

«ከገንዘብ ሰው ይበልጣል» ያሉት የእናትሽ ቃል እውነት ነው፤ እኔም ከልቤ አምንበታለሁ። የሚከነክነኝ ለማን እንደሚነገር ነው። በየቤታችን ይህ ቃል የሚነገረው ለተወሰደበት ሰው ነው። ከአባቷ ውርስ ድርሻዋን ለጠየቀች እህት ይነገራል። ያበደረውን ላስታወሰ ጓደኛ ይነገራል። ዘመድ ቤት ስትሠራ ኖራ «ደመወዜስ?» ላለች ልጅ ይነገራል። የያዘውን ሰው ግን «አንተስ፣ ከቤቱና ከእህትህ የቱ ይበልጥብሃል?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቃሉ እውነት ከሆነ መጀመሪያ መነገር ያለበት ንብረቱ በእጁ ላለው ነው። ለወንድምሽ «ሰው ይበልጣል» ማለት እህትህ የደከመችበትን በስሟ አድርግላት ማለት ነው። ለአንቺም የሚጠይቅሽ ነገር አለ፤ እሱ ግን ተራው በኋላ ነው።

ይህን ስል እናትሽን እየወቀስኩ አይደለም። እሳቸው የሚያድሩት ወንድምሽ ቤት ነው። ጧት ቡናቸውን የምታፈላላቸው ምራታቸው ናት፤ ቢታመሙ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው እሱ ነው፤ አንቺ ደግሞ ባሕር ማዶ ነሽ። ያን ዕለት ያለቀሱት ፈርተው ይሆናል። ልጆቻቸው ሲጣሉ ማየትን ፈርተው፣ ምናልባትም በስተርጅና የሚጠጉበት ጥግ እንዳይናጋ ፈርተው። ስለዚህ በእሳቸው ላይ ቂም አትያዢ፤ ዳኛም አታድርጊያቸው።

አሁን ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ስላስቆጣኝ ነገር ልናገር። ካርታው አይደለም። ያቺ ሰርቪስ ቤት ናት። ካርታው በወንድምሽ ስም የወጣበትን ምክንያት ማሰብ ይቻላል፤ አንቺ አገር ውስጥ አልነበርሽም፣ ውክልና አልላክሽም ይሆናል፣ ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው ያስፈልግ ነበር። ብዙ የስደተኛ ቤት በዚህ መንገድ በወንድም ወይም በአጎት ስም ይወጣል፤ ሲጀመር ክፋት ላይኖርበት ይችላል። በከሰል ጆንያና በጀሪካን መሀል ፍራሽ ማንጠፍ ግን የትኛውም ቢሮ ያዘዘው ነገር አይደለም። ከስንት ዓመት በኋላ ለገባች ልጅ፣ ያውም በላከችው ብር በተሠራ ግቢ ውስጥ፣ መኝታዋ ጓሮ እንዲሆን ሲወሰን አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ነውር ነው» አላለም። ቤተሰቡ ስለ አንቺ ምን ማሰብ እንደጀመረ የሚናገረው ይህ ነው። ብር እየላክሽ በሩቅ ያለሽ ሰው ሆነሽ ቀርተሻል፤ ስትመጪ የት እንደምትቀመጪ ያሰበ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዴት እንደምትኖሪ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥና በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ያዛል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛው ደመወዝ 60 ዲናር ተብሎ ተወስኗል። ሕጉ የሚለውና በየቤቱ ያለው ለየቅል መሆኑን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ደሴ ያለው ቤተሰብሽ ግን አንዱንም አያውቅም። የሚያውቀው የባንክ መልእክቱንና ዓርብ ዓርብ ለብሰሽ የተነሣሽውን ፎቶ ነው። «እንዴት ነሽ?» ሲሉሽ «ደህና ነኝ» ትያለሽ፤ እናትሽ እንዳይጨነቁ። ደግነት ነው፣ ብዙዎቻችሁ የምታደርጉት ነው። በዚህ መሀል ግን እነሱ የሚያውቁት ብሩን ብቻ ሆነ። ድካምሽን ያላየ ሰው ቆርቆሮውን የቆርቆሮ ዋጋ ብቻ አድርጎ ያየዋል።

ስለዚህ ከክሱም ከመቁረጡም በፊት አንድ ጊዜ ንገሪያቸው። ሳትጮኺ፣ ሳትሳደቢ። በስንት ሰዓት እንደምትነሺ፣ ስንት ክፍል እንደምታጸጂ፣ ስንት ልጅና ስንት አረጋዊ እንደምታነሺና እንደምታስቀምጪ፣ ታመሽ የሠራሽባቸውን ቀኖች። የቤቱ በርና መስኮት የስንት ወር ደመወዝ እንደነበረ አስልተሽ ንገሪው። ለወንድምሽ ብቻውን ድምፅ ላኪለት፤ እንዲህ ብትይው መልካም ነው፦ «ወንድሜ፣ ብሎኬት ልታስራግፍ፣ አናጺ ልትፈልግ ስትሮጥ መክረምህን አልረሳሁም። እኔም የሠራሁትን ዕወቅልኝ። ጓሮ ያነጠፋችሁልኝ ቀን በጣም ነው ያዘንኩት።» ይህን ሲሰማ የሚያፍር ልብ ካለው ያፍራል። ካላፈረም ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ታውቂያለሽ፤ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም።

የወንድምሽን ድካም አንሺ ያልኩሽ ለማባበያ ብቻ አይደለም። ለስድስት ዓመት ሲሚንቶ ፍለጋ መዞር፣ ከግንበኛ ጋር መጨቃጨቅ፣ ከማዘጋጃ ቤት ወረፋ መዋል እውነተኛ ሥራ ነው። አንቺ ገንዘቡን አመጣሽ፣ እሱ ጊዜውን። ሽምግልና ስትቀመጡ የእሱን ድካም አስቀድመሽ ካነሣሽ የአንቺን ለመካድ ይከብደዋል።

ወደ ሽምግልናው ከመሄድሽ በፊት በሕግ ፊት የት እንደቆምሽ ማወቅ አለብሽ። ጠበቃ ማማከርሽ የማይቀር ነው፤ መነሻውን ግን ልንገርሽ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት በስሙ ካርታ የወጣለት ሰው የቤቱ ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፤ አይደለም የሚለው ነው ማስረጃ የሚያመጣው። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። ብድር ነው እንዳትይ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃልና መሐላ ካልሆነ በሌላ ማስረጃ አይረጋገጥም፤ ይህ በቁጥር 2472 የተጻፈ ነው። ወንድምሽ «የላከችው ለቤተሰብ ድጎማ ነው» ብሎ ቢከራከር ነገሩ ቀላል አይሆንልሽም። ያላግባብ መበልጸግ የሚባል፣ ማለትም ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ገንዘብ ወይም ድካም ተጠቅሟል የሚል የክስ መንገድ አለ፤ ለዚያም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ጊዜም ይወስናል፤ ብዙ የገንዘብ ጥያቄዎች በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳሉና።

በዚያ ላይ ወንድምሽ ባለትዳር ነው። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የአንዱ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የባልና የሚስት የጋራ ተደርጎ ይወሰዳል። እሱ በልቡ «የእህቴ ነው» ቢል እንኳ ነገ ቢፋቱ፣ ወይም ክፉ አያምጣውና አንድ ነገር ቢሆን፣ የምትከራከሪው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነው። ያቺ ማታ ማታ ድምፅ የምትልክልሽ ልጅ አንድ ቀን በወራሽነት ተከሳሽ ሆና ፊትሽ እንድትቆም አትፈልጊም። «ቤቱ የሁላችን ነው» የሚለውን ይዤ ዝም ልበል ብትዪ ለዝምድናችሁ የባሰ አደጋ ይህ ነው። አሁን ሳይረፍድ መነጋገር ለልጆቹም ይጠቅማል።

ስለዚህ ዛሬውኑ የላክሽባቸውን ደረሰኞች ሰብስቢ፤ የጠፋብሽን ከባንኩ ወይም ከሐዋላ ድርጅቱ ጠይቂ። ወንድምሽ የላከልሽን ፎቶ ሁሉ ከነቀኑ አስቀምጪ። በኢሞ «ቤትሽ ቆርቆሮ ለበሰ» ያለበት ድምፅ ካለ እንዳይጠፋ ሌላ ቦታ ገልብጪው፤ ስልክ ሲቀየር ስንቱ ማስረጃ እንደሚጠፋ ታውቂያለሽ። አገር ቤት ገብተሽ መከታተል ካልቻልሽ ኩዌት ባለው ኤምባሲያችን በኩል ለምታምኚው ሰው ውክልና መስጠት ትችያለሽ። ውክልናው ምን ምን እንደሚያስደርግ ቆጥረሽ አስጽፊ፤ «ሁሉንም ማድረግ ይችላል» የሚል ውክልና ሰጥተው የተቀሙ ብዙ ናቸው።

ለማን ትስጪው? ከደብዳቤሽ አንድ ሰው ታይታ ጠፋችብኝ። ያስተማርሻት ታናሽ እህትሽ የት ናት? በአንቺ ልፋት የተማረች ልጅ በዚህ ነገር ምን አለች? ምናልባት ሊከፋት ይችላል ብለሽ አልነገርሻት ይሆናል፤ ምናልባትም ሰምታ ዝም ብላ ይሆናል። ደውይላት። ገንዘቡ ለምን እንደሚላክ ቤት ውስጥ ስትሰማ ያደገች ናት፤ ለምስክርነትም፣ ከእናትሽ ጋር ለመነጋገርም ከእሷ የሚቀርብ የለም።

የወንድምሽ ሚስትም ለብቻዋ ንግግር ይገባታል። አኮረፈችኝ ብለሽ አልፈሻታል፤ እኔ ግን ኩርፊያዋ ውስጥ ፍርሃት ይታየኛል። ካርታው ዞረ ማለት ልጆቿን ይዛ ውጪ ልትባል እንደሆነ ቆጥራዋለች። ላስወጣችሁ አልመጣሁም የሚለውን ከአንቺ አፍ ካልሰማች ባሏ ቢፈልግ እንኳ እሷ አትፈርምም፤ ያለ እሷ ፊርማ ደግሞ ነገሩ አይቋጭም።

ሽማግሌ ምረጪ። በእናንተ አገር በወሎ ደም የተቃቡ ቤተሰቦች እንኳ አበጋር በሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ይታረቃሉ፤ የወንድምና የእህት የቤት ጉዳይ ሰሚ አያጣም። የአባትሽ ጓደኛ የነበሩ አንድ አዛውንት፣ የእናትሽ ወንድም ካሉ እሳቸው፣ ከሰፈሩ እድር አንድ የሚከበር ሰው። ቤቱ ሲሠራ ያዩና ብሩ ከየት እንደመጣ የሚያውቁ ቢሆኑ ይሻላል። ወንድምሽ ውለታ የዋለላቸውን ተዪ። ሴት ሽማግሌም ይኑርበት እላለሁ፤ ጓሮ መተኛት ምን እንደሆነ ሳይነገራት ይገባታል። አንቺ በስልክ ግቢ፣ ንግግሩን ሌላ ሰው አያድርግልሽ።

ሲሰበሰቡ «ፍርድ ስጡኝ» ብቻ ብለሽ አትግቢ፤ የምትፈልጊውን ይዘሽ ግቢ። አንደኛው መንገድ ቤቱ ወደ ስምሽ ዞሮ እነሱ ልጆቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ወይም እስከ ተወሰነ ዓመት ያለ ኪራይ እንዲኖሩበት መስማማት ነው። ወይም ቤቱ በሁለታችሁ ስም ይሆንና የእሱ ድካም በድርሻ ይታሰብለታል። ቤቱን ልቀቅ ማለት እናትሽን ማናጋት ከሆነ ደግሞ የአንቺን ገንዘብ በየጊዜው ሊከፍልሽ ይችላል። እኔ ብሆን ሁለተኛውን አስቀድም ነበር፤ ሁለታችሁም ቤቱ ላይ እጃችሁ አለበት፣ እናትሽም ከቦታቸው አይነቃነቁም። የመረጣችሁት ማንኛውም ይሁን በሽማግሌ ፊት በቃል ብቻ እንዳይቀር። ጽፋችሁ፣ ባልና ሚስቱ ፈርመው፣ ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ፊት ይጽደቅ። በስጦታ ሊያዞርልሽ ከሆነም የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ባለ ሥርዓት ካልተደረገ አይጸናም፤ ጠበቃው ያስተካክለው። ደግሞም ከወረቀቱ ጋር አንድ ነገር ጠይቂ፤ ለዕረፍት ስትገቢ የምታድሪበት ክፍል ዋናው ቤት ውስጥ ይሁን። እነሱ ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት፣ ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነው፤ መልሳቸው ብዙ ያሳይሻል።

እምቢ ካለስ? እምቢ ካለ ክሰሺው፤ አትፈሪ። ሰው ለምኖ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ የቀረበለትን ሁሉ የገፋውን ወንድም ፍርድ ቤት ማቆም ዘመድ መጥላት አይደለም። ቤቱ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ከሰማሽ ደግሞ ሽማግሌ ሳትጠብቂ በጠበቃ በኩል እግድ ጠይቂ። ያንጊዜም ቢሆን ክርክሩን ቤቱ ላይ ብቻ አድርጊው። «ሚስቱ ናት ያበላሸችው»፣ «እናታችን አዳልታ ነው» የሚለው በአቤቱታው ውስጥም በስልክም አይግባ። ቅድም ተራው በኋላ ነው ያልኩት ይህን ነበር። ከአንቺ የሚጠበቀው፣ ፍርድ ቤት እየተመላለሳችሁም ቢሆን፣ እናትሽን መጠየቅ፣ የልጆቹን ጤና መስማት፣ ለበዓል እንኳን አደረሳችሁ ማለት ነው። ከባድ ነው። ግን ይቻላል፤ ተካሰው ሲያበቁ በአንድ ማዕድ የሚቀርቡ ወንድማማቾች አሉ።

እርግፍ አድርጌ ልተዋቸው የሚለውን አልመክርሽም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን አምጥተው ቤይሩት ቆንስላችን ደጅ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ብዙዎቹ ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው፣ አስፋልት ላይ ፍራሽ አንጥፈው አደሩ። ያን ጊዜ ምግብና የቤት ኪራይ ይዘው ከደረሱላቸው መካከል «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው፣ ስደተኛ ሴቶች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር ይገኝበታል። እነዚያን ሴቶች ያተረፋቸው ሰው ነው፤ ያውም የሥጋ ዘመድ ያልሆነ፣ እንደነሱው የቤት ሠራተኛ የነበረ ሰው። ቤተሰብ ለምትዪው ነገር ቦታ አስፊለት ማለቴ ነው። ኩዌት ውስጥ ስትታመሚ የምትደውዪላት የአገር ልጅ አለች? እቁብ አብራችሁ የምትጥሉ? እሷ ላይ ጊዜሽንም ልብሽንም አውጪ። ከደሴው ቤት ጋር ያለሽ ነገር እስኪስተካከል ብቻሽን አትሁኚ፤ ብቸኝነት ሰውን ወይ ለማንም እሺ ያሰኘዋል ወይ ከሁሉም ጋር ያጣላዋል።

ለልጅቷ በየማታው መልሺላት። አባቷ ላይ ያለሽን ቅሬታ አንዲት ቃል አታሰሚያት፤ ስለ ትምህርቷ ጠይቂያት፣ ስለ ዋልሽበት ንገሪያት።

አሁን የቀረው የዚህ ወር ደመወዝሽ ነው። ለእናትሽ ለቀለብና ለመድኃኒት የሚሆነውን በራሳቸው ስም በተከፈተ ሒሳብ ላኪ፤ ሒሳብ ከሌላቸው ታናሽ እህትሽ ይዛቸው ሄዳ ትክፈትላቸው። ለቤቱ ግን ጉዳዩ በጽሑፍ እስኪቋጭ ምንም አትጨምሪ፤ «አጥር ልናጥር ነው» ቢሉሽም፣ «ሴራሚክ ቀርቷል» ቢሉሽም። የተረፈውን በራስሽ ስም አስቀምጪ። ወንድምሽ «ምነው ቀረ?» ብሎ መደወሉ አይቀርም። እንደ ሁልጊዜው ደህንነቱን ጠይቂውና፣ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበትን ቀን እንዲቆርጥ ንገሪው።